አዲስ አበባ ላይ 4 ደቂቃ፦ የጓሮ ፎሶሊያን ፍሪዘር ውስጥ ማቆየትና ማብሰል

ፎሶሊያ ዘርቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ጭንቅ ያውቃታል። ሁለት ወር ሙሉ ቅጠል ብቻ ታያላችሁ። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምታደርጉበት እስኪጠፋችሁ ይወርድባችኋል። ሰኞ አንድ ሳህን ትቀጥፋላችሁ፣ ረቡዕ አንድ ሳፋ። አርብ የጎረቤት በር ስታንኳኩ "ኧረ የባለፈውም አላለቀ" ይሏችኋል። ልጆቹም ካሮቱን እየለቀሙ ፎሶሊያውን ወደ እንጀራው ጠርዝ መግፋት ይጀምራሉ። ወራት አልፈው ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን ያው የተናቀ ፎሶሊያ ይናፍቃል። 55 ቀን በሽሮና በምስር ብቻ መዝለቅ ይከብዳላ።

ስለዚህ ፍሪዘር። ነገር ግን ቀጥፎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፍሪዘር ውስጥ መወርወር አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ምርቴን ገደል የከተትኩት ከዚህ ትንሽ በተሻለ ዘዴ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ መመሪያው ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

አክስቴ ቨርጂኒያ ትኖራለች። ከቤቷ ጀርባ ባለችው መሬት በየበጋው ፎሶሊያ ትዘራለች፣ ለብርዱ ጊዜም ታስቀምጣለች። በስልክ ጠየቅኳት። "ሦስት ደቂቃ የፈላ ውሃ አሳዪው፣ በረዶ ውስጥ ክተቺው፣ አድርቀሽ ፍሪዘር። አለቀ" አለችኝ። ያለችውን አደረግኩ። ሰዓት ይዤ፣ ሦስት ደቂቃ። በሁለተኛው ወር አንዱን ላስቲክ ከፍቼ ሳይ መልኩ የከረመ ድርቆሽ መስሏል። ሽታውም ድርቆሽ ነው። ሲበስል ከውጭ ልፍስፍስ አለ፣ ከውስጥ የጫማ ማሰሪያ ሆነ። ደወልኩላት። "ኧረ አክስቴ፣ ጉድ ሰራሽኝ!" "አንቺ ልጅ፣ የእኔ እኮ ምንም አልሆነም" አለች።

እውነቷን ነው። ቨርጂኒያ እሷ ያለችበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እየተንተከተከ ታዩታላችሁ እንጂ ያን ያህል አይሞቅም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ ለምን ጊዜ እንደሚፈጅ የምታውቁት ነው። ያው ነገር እዚህም ይሰራል።

የሚባለው ሕግ ቀላል ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ መቀሌ፣ ጎንደር ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው፤ 4 ደቂቃ። ድሬዳዋ ግን ዝቅ ስለምትል 3 ደቂቃው ይበቃታል።

አንድ ደቂቃ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ? ፎሶሊያው ከተቀጠፈ በኋላም ውስጡ ስራቸውን የማያቆሙ ኢንዛይሞች አሉ። በእርሻ ላይ እያለ ያበሰሉት እነሱ ናቸው፤ ከቀጠፋችሁት በኋላ ደግሞ ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ጥንካሬውን ቀስ በቀስ ይበሉታል። የፍሪዘር ብርድ ያዘገያቸዋል እንጂ አያስቆማቸውም። የሚያስቆማቸው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ ጭራሽ ይነቃቃሉ። ግማሽ ያህል የፈላ ውሃ ያየ ፎሶሊያ ምንም ካላየው የባሰ ይበላሻል። የእኔ ዕጣ ይህ ነበር።

የምትቀጥፉበት ሰዓት

አዘራሩን ብዙ አላወራም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔ ኮተቤ ነኝ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ዘርቼ ዋግ ቅጠሉን ሲጨርሰው ካየሁ ወዲህ የምዘራው ጳጉሜን ላይ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ኅዳር ላይ ይደርሳል። ውርጭ ይፈራል፤ ማታ ማታ በጆንያ እሸፍነዋለሁ። ግማሹ ለነቢያት ጾም ትኩሱን ይበላል፣ ግማሹ ለዓቢይ ጾም ፍሪዘር ይገባል።

ዋናው ነገር በጊዜው መቅጠፍ ነው። ፎሶሊያና ቦሎቄ አንድ ተክል ናቸው። ፎሶሊያ የምንለው ፍሬው ከመሙላቱ በፊት፣ እሸት ሳለ ከነልጡ የሚበላውን ነው። ስለዚህ ከውጭ ስታዩት ፍሬው እየጎበጠ ከታየ አልፎበታል፤ ወደ ቦሎቄነት እየሄደ ነው። የእርሳስ ውፍረት ሲይዝ፣ ሲታጠፍ "ቀጭ" ብሎ ሲሰበር፣ ስብራቱ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ትክክለኛው ሰዓት ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቅጠፉ። ያረጀ ተክሉ ላይ ከተዋችሁ ተክሉ "ዘሬን ተክቻለሁ" ብሎ ማበብ ያቆማል።

ጠዋት ቅጠፉ፣ ግን ጤዛው ከደረቀ በኋላ። እርጥብ ቅጠል መሃል እጅ ማስገባት በሽታን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው መውሰድ ነው። በአንድ እጅ ግንዱን ይዛችሁ በሌላው ቅጠፉ፤ ስሩ ጥልቅ ስላልሆነ ከጎተታችሁት ሁለመናው ይነቀላል።

ከተቀጠፈ በዚያው ቀን ፍሪዘር ቢገባ ጥሩ ነው። ካልተመቻችሁ ሳታጥቡት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማሳደር ይቻላል። ከመቂና ከባቱ አካባቢ መጥቶ ገበያ ላይ የሚሸጠውንም በዚህ መመሪያ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። እጃችሁ እስኪገባ ግን ስንት ቀን እንደቆየ ስለማይታወቅ አንዱን ሰብራችሁ እዩ። የሚለመጥ ከሆነ ለዕለት ወጥ ግዙት፤ ፍሪዘር ተዓምር አይሰራም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ትልቅ ድስት፣ የፓስታ ማጥለያ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ንጹህ ፎጣ፣ ፍሪዘራችሁ ውስጥ የሚገባ ትሪ፣ ዚፕ ያለው ወፍራም ላስቲክ። ፌስታል አይሆንም፤ ስስ ነው፣ አየር ያስገባል፣ የፍሪዘሩንም ሽታ ሁሉ ይስባል።

እና በረዶ፣ ብዙ በረዶ። የበረዶ ማስቀመጫዋ ትንሽዬ ስለሆነች አትበቃም። እኔ ከሁለት ቀን በፊት ባዶ ሃይላንዶች ውሃ ሞልቼ ፍሪዘር አስገባለሁ። እስከ አፋቸው አትሙሏቸው፤ ውሃ በረዶ ሲሰራ ስለሚሰፋ ይፈነዳሉ። አራት ጣት ያህል ጎደል አድርጉ። ሳፋው ውስጥ ሃይላንዶቹን እንዳሉ ትነክራላችሁ፣ ሲያልቅ አድርቃችሁ ትመልሷቸዋላችሁ። መብራት ሲጠፋም ይጠቅሟችኋል፤ እመለስበታለሁ።

ማጠብና መቁረጥ

በውሃ እጠቡት፣ ሁለቱን ጫፍ ቁረጡ። አንዳንዱ ዓይነት ጎኑ ላይ ክር አለው፤ ጫፉን ስትሰብሩት ክሩን ተከትላችሁ ወደ ታች ሳቡት። ይህን ሥራ የሰነፈ ሰው ሲበላ ከጥርሱ መሃል እያወጣ ይቀጣል።

ከዚያ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወይም የአውራ ጣት ርዝመት አድርጋችሁ ቁረጡ። ለሁለት የሚሰነጥቁትም አሉ፤ ትኩሱን ለማብሰል ያምራል። ፍሪዘር ለሚገባ ግን አልመክርም። የተሰነጠቀው ውሃ ይጠጣል፣ ሲበስል ይፈርሳል። መጠኑ እኩል ይሁን። ቀጭንና ወፍራሙን ለይታችሁ በተለያየ ዙር አስገቡ፤ አለበለዚያ አንዱ ሲበስል አንዱ ጥሬ ይሆናል።

የፈላ ውሃ ማሳየት

ሁለተኛው ጥፋቴ እዚህ ላይ ነበር። ሁለት ኪሎውን አንድ ላይ ድስቱ ውስጥ ዘረገፍኩት። ውሃው ጸጥ አለ። እንደገና እስኪፈላ ሰባት ስምንት ደቂቃ ፈጀ፤ እኔ ደግሞ ሦስቱን ደቂቃ ከከተትኩበት ሰዓት ጀምሬ ቆጥሬ አውጥቼዋለሁ። ማለትም የፈላ ውሃ ጨርሶ አላየም።

ትክክለኛው ልክ ለግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ አራት ሊትር ውሃ ነው። ውሃው በደንብ ሲንተከተክ አስገቡት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መፍላት አለበት። ካልተመለሰ ፎሶሊያው በዝቷል፣ ወይም ምድጃችሁ ደካማ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ቀንሱ። መቁጠር የምትጀምሩት ተመልሶ ሲፈላ ነው። ከዚያ 4 ደቂቃ።

ስታስገቡት ልብ ብላችሁ እዩት። ደብዘዝ ያለው አረንጓዴ በድንገት ቦግ ይላል። ከቆዳው ስር የነበረው አየር ስለወጣ ነው። ደስ የሚል መልክ ስለሆነ "ደርሷል" ብላችሁ እንዳታወጡት፤ ያ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚሆን ነው። ሰዓቱ ሲሞላ አንዷን አውጥታችሁ ንከሷት። ጥሬ ፎሶሊያ ጥርስ ስር "ሲጥ ሲጥ" የሚል ድምፅ አለው። ያ ድምፅ መጥፋት አለበት፣ ግን ገና ቀጨም ማለት አለባት። ለስልሳ ከሟሟች ደግሞ አብስላችኋታል።

ቀለሙን ለመጠበቅ ሶዳ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። አረንጓዴው እውነትም ይደምቃል፤ ፎሶሊያው ግን ይላሽቃል፣ ቫይታሚኑም ይጎዳል። ተዉት።

ያንኑ ውሃ ለአራት አምስት ዙር መጠቀም ትችላላችሁ። በጎደለው እየጨመራችሁ፣ እንደገና እስኪንተከተክ እየጠበቃችሁ።

ማቀዝቀዝና ማድረቅ

በማጥለያው አውጥታችሁ ወዲያውኑ በረዶው ያለበት ሳፋ ውስጥ። "ወዲያውኑ" ስል የምሬን ነው። ከውሃው ወጥቶም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። የፈላ ውሃ ውስጥ የቆየውን ያህል፣ ማለትም ቢያንስ 4 ደቂቃ፣ ይቆይ። ከመሃል አንዷን አውጥታችሁ ለሁለት ስበሯትና ከንፈራችሁ ላይ አድርጓት። ውስጧ ለብ ካለ ገና ነው።

ከዚያ ማድረቅ። ሰው ሁሉ የሚቸኩልባት ቦታ ይህች ናት። አንጠፍጥፉት፣ ፎጣ ላይ በትኑት፣ በሌላ ፎጣ ከላይ ጠረግ ጠረግ አድርጉት። የቀረ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆኖ ፎሶሊያውን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ሲበስል ደግሞ ድስቱን ሾርባ ያደርገዋል።

የደረቀውን ትሪ ላይ ሳይደራረብ በትናችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትደርቃለች፤ ትሪውን ስትነቀንቁት እንደ ጠጠር ይንኳኳል። አሁን ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ለአንድ ቀን ማዕድ የሚበቃችሁን ያህል፣ እኔ ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ አደርገዋለሁ። ዚፑን ዘግታችሁ ጫፉ ላይ ስትሮ የምታስገባ ቀዳዳ ተዉ። አየሩን ምጡት፣ ስትሮውን መንጭቃችሁ ዝጉት። ላስቲኩ ፎሶሊያው ላይ ልክክ ማለት አለበት። የቀረ አየር ነው ነጭ ነጭ እያደረገ የሚያደርቀው።

ቀኑን ጻፉበት። "አስታውሰዋለሁ" ብሎ የፍሪዘሩን ሚስጥር የሚያስታውስ ሰው አላየሁም። የፍሪጅ ላይኛው ክፍል ብቻ ያላችሁ በአንድ ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ አትጫኑበት፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ፎሶሊያውም ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ይላሽቃል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠ ከ8 እስከ 12 ወር ጥራቱን ይዞ ይቆያል።

ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ፣ በተራ ድስት ቀቅሎ መደርደሪያ ላይ ስለማስቀመጥ የሚጠይቁኝ አሉ። አታድርጉት። የፎሶሊያ አሲድ አነስተኛ ነው፤ የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። ዘሩ በ100 ዲግሪ አይሞትም፣ በእኛ 92 ዲግሪማ ይስቅብናል። ለዚህ ተብሎ የተሰራ፣ ሙቀቱን ከ115 ዲግሪ በላይ የሚያደርስ የግፊት ድስት ይፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ

መቼም ይጠፋል። መጀመሪያ የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ፤ "ቀልጦ ይሆን?" ብሎ መክፈት ራሱ ማቅለጥ ነው። የሞላ ዲፕ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ያህል። የፍሪጅ ላይኛው ክፍል ያን ያህል አይታመንም። ስለዚህ ክፍት ቦታ ካለ በእነዚያ ሃይላንዶች ሙሉት። ባዶ ቦታ ብርድ አይዝም፣ በረዶ ይይዛል።

ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ስትመለሱ መብራት ጠፍቶ መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ? በስኒ ውሃ አስገብታችሁ በረዶ ሲሰራ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሰላም ነው። ሳንቲሙ ወደ ስኒው ታች ወርዶ በረዶ ውስጥ ከተቀበረ ሁሉም ነገር ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው፤ አትመኑት።

ፎሶሊያው ላይ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሳችሁ ማቆየት ትችላላችሁ፣ ትንሽ መለስለሱ አይቀርም። ቀልጦ ግን ገና እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ ከሆነ በዚያው ቀን አብስሉት። ሞቆ ካገኛችሁት ጣሉት።

ፎሶሊያ በካሮት፣ ከፍሪዘር

ግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ፣ ሦስት መካከለኛ ካሮት፣ ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት፣ አንድ የበሰለ ቲማቲም፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። ለአራት ለአምስት ሰው ከሌላ ወጥ ጋር ይበቃል።

ፎሶሊያውን አታቅልጡት። ጠዋት አውጥታችሁ ሳህን ላይ ካቆያችሁት ውሃውን ለቆ የጨርቅ ገመድ ይሆናል። ከፍሪዘር ቀጥታ ድስት።

ሽንኩርቱን እንደ ወጥ አታድቅቁት፤ በቁመቱ ስንጥቅ ስንጥቅ። ዘይቱ ላይ ለስለስ እስኪል ብቻ፣ ሳይቀላ። ካሮቱን እንደ ፎሶሊያው ቁመት ቆርጣችሁ አስቀድሙት። ትኩስ ፎሶሊያ ስናበስል ሁለቱን አብረን ነው የምንከተው። አሁን ግን ፎሶሊያው የፈላ ውሃ አይቷል፣ ካሮቱ ጥሬ ነው። ከድኑትና ሰባት ስምንት ደቂቃ ይቀደም። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ።

እሳቱን ከፍ አድርጋችሁ ፎሶሊያውን ልቀቁት። ድስቱ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ውሃ አትጨምሩ፤ የራሱ ይበቃዋል። ሳይከደን፣ በማማሰያ ከስር ገልበጥ ገልበጥ እያደረጋችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ይብሰል።

ቲማቲሙ መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ ከሽንኩርቱ ጋር ነው የምትከተው፣ በዚህ እንከራከራለን። የቲማቲም አሲድ ፎሶሊያው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል፣ አረንጓዴውንም ወደ ወይራ ቀለም ይለውጠዋል። እሷ ጣዕሙ እንዲህ ነው የሚጥመው ትላለች። ድልህ የምትጠቀሙም ከሆነ ያው ነው፤ ፎሶሊያው ሲለሰልስ ትንሽ ማንኪያ ብቻ። ቲማቲሙ ከሟሸሸ በኋላ ጨውና ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል አድርጋችሁ ከእሳት አውርዱ። ቃሪያው በድስቱ ሙቀት ይብቃው።

ፎሶሊያውን ጥርስ ስር ጥሬ እስኪመስል ቀጨም እያለ አታውጡት። በውጭ ምግብ ቤት ፋሽን ነው፤ በእንጀራ ሲጠቀለል ግን አይያዝም። ጥሬው ሆድ የሚያውክ ነገርም ስላለው በደንብ መብሰሉ ይሻላል። ሲጠቀለል መታጠፍ፣ ሲታኘክ ግን መገኘት አለበት።

አትክልት አልጫ ላይ የምትጨምሩት ከሆነ ድንቹና ጥቅል ጎመኑ ሊደርሱ አሥር ደቂቃ ሲቀራቸው ነው።

ጾሙ ወጥቶ አንድ ላስቲክ ከተረፈ ደግሞ በስጋ ስሩት። ስጋውን በቀጭኑ ቁረጡ። ሽንኩርቱ ላይ በራሱ ውሃ እስኪለሰልስ ይቆላ፤ እንደ ስጋው አርባ ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። ፎሶሊያው የሚገባው ስጋው ለጥርስ ከተመቸ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቲማቲሙን በዛ አድርጌ ከእናቴ ጋር እስማማለሁ። መረቁ ወፈር ሲል አውርዱት፤ ለእንጀራም ለሩዝም ይሆናል።